እኩል ያልሞሉ ባትሪዎች ሲገናኙ፤ ከቴሌግራፍ ዘመን እስከ ዓይናለም የጨለማ ወራት

መግቢያ

ከመቀሌ ከተማ መካከል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወጣ የምትገኘው ዓይናለም በሁለት ነገር ትታወቃለች። አንደኛው፣ በአሉላ አባ ነጋ ስም የተጠራው የአውሮፕላን ማረፊያ በአቅራቢያዋ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ለብዙ ዓመታት የመቀሌ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ዋና መገኛ ከመሬቷ ሥር የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች መሆናቸው ነው። ይህ ውሃ በራሱ ኃይል ወደ ላይ አይወጣም፤ የሚያወጣው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚጠፋው መብራት ብቻ አይደለም፤ እንስራውም ባዶ ይሆናል።

እንደሚታወቀው ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፣ በተለይም ከሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ በትግራይ የባንክ፣ የስልክና የኤሌክትሪክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ኤሌክትሪክ በመቀሌ አንዳንድ ጊዜ ብቅ እያለ መልሶ ይጠፋ ነበር፤ ነዳጅም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በዚያ ጊዜ ከቆመ መኪና የወጣ ባትሪና አንድ የፀሐይ ሰሌዳ ያለው ቤት እንደ ባለጸጋ ይቆጠር ነበር። ጎረቤትም ከጎረቤት እሳት እንደሚጭር ሁሉ፣ ባዶ ባትሪውን ይዞ ባትሪው ወደ ሞላለት ሰው ይሄድ ነበር። ሁለቱም ባትሪዎች በሽቦ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ የተጠበቀው ሳይሆን ይቀርና ሁለቱም ቤቶች ይጨልማሉ።

ሙሉ ባትሪ ከባዶ ባትሪ ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ የፊዚክስ እንጂ የታሪክ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከባትሪው ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ መልሱም በተለያየ ዘመን በተለያዩ ሰዎች እጅ ተገኝቶ፣ ከአንዱ የሥራ ዓይነት ወደ ሌላው ሲሻገር ግማሹ እየጠፋ የመጣ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ጉዞ መከተል ነው። በውጭ አገር የተደረጉት ነገሮች ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በአገራችን የተደረጉት ግን ዓ.ም. እየተባለ እንደ አገራችን አቆጣጠር ተጽፏል።

፩. የባትሪ አመጣጥ

በ1800 የኢጣሊያ ተወላጅ የሆነው አሌሳንድሮ ቮልታ የዚንክና የብር ክቦችን በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ እያደረገ አንዱን በሌላው ላይ ቢደረድራቸው፣ ያለማቋረጥ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚገኝ ለለንደኑ የንጉሣዊ ማኅበር በደብዳቤ አስታወቀ። ክቦቹ በበዙ ቍጥር ግፊቱ እንደሚበረታም አስተዋለ። አንዱን በሌላው ጫፍ እየቀጠሉ ግፊትን መደመር፣ ዛሬ በተከታታይ ማገናኘት የምንለው፣ ከመጀመሪያው ባትሪ ጋር የተገኘ ዘዴ ነው ማለት ነው።

በ1827 ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ኃይል በግፊቱ ልክ እንደሚጨምር፣ በመንገዱ እንቅፋት ልክ ደግሞ እንደሚቀንስ በሒሳብ ገለጸ። ይህ ሕግ ለኛ ጉዳይ ቍልፍ ነው። ሁለት ባትሪዎች ሲገናኙ በመካከላቸው የሚሄደው ኃይል የሁለቱ ግፊት ልዩነት ለእንቅፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ነውና፤ ልዩነት ከሌለ የሚሄድ ነገር የለም።

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የነበሩት ባትሪዎች ኃይላቸው ካለቀ ዚንካቸው ወይም ፈሳሻቸው የሚለወጥ እንጂ በኤሌክትሪክ ተመልሰው የሚሞሉ አልነበሩም። በ1859 ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ሁለት የእርሳስ ዝርግ ብረቶችን ጠቅልሎ በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቢነክር፣ ሲያልቅ የሚሞላ ባትሪ አገኘ። ዛሬ በመኪና ውስጥ ያለው ባትሪ የዚሁ ልጅ ነው። የፕላንቴ አሠራር ለጥያቄያችን የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣል። እያንዳንዱ የእርሳስ ክፍል ወደ 2 ቮልት ያህል አለው፤ ሃያ ክፍሎች በተከታታይ ቢቀጠሉ እነሱን ለመሙላት ከ40 ቮልት በላይ የሆነ ኃይል ያስፈልጋል። ፕላንቴ ግን የነበሩት ጥቂት የዚንክ ባትሪዎች ነበሩ። ስለዚህ የእርሳስ ክፍሎቹን ሁሉ በመጀመሪያ ጎን ለጎን አገናኝቶ በሁለት የቡንዘን ባትሪዎች ይሞላቸዋል፤ ከሞሉ በኋላ በመቀያየሪያ ወደ ተከታታይ አዙሮ በትልቅ ግፊት ይጠቀምባቸዋል። ልብ ልንለው የሚገባን ቅደም ተከተሉን ነው። ክፍሎቹ በተከታታይ ከመሰለፋቸው በፊት ሁሉም ከአንድ ምንጭ ጠጥተው እኩል ሆነዋል። መጀመሪያ ማስተካከል፣ ቀጥሎ ማገናኘት የሚለው ደንብ በፕላንቴ ሥራ ውስጥ ነበረ።

፪. ሽቦው ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ

በአውሮፓ ባትሪን በብዛት የተጠቀመው የቴሌግራፍ ሥራ ነው። ረጅም ሽቦ ትልቅ እንቅፋት ስላለው፣ በየጣቢያው አሥሮች የሚሆኑ ክፍሎች በተከታታይ ይደረደሩ ነበር። ከነዚህ መካከል አንዱ ቢደክም የመሥመሩ ሁሉ ድምፅ ይደክማል፤ የቴሌግራፍ ሠራተኛም በየጊዜው እያንዳንዱን ክፍል ለይቶ መለካትና ደካማውን ማውጣት የሥራው ግዴታ ነበረ።

በአገራችን የስልክ መሣሪያ የታወቀው ራስ መኰንን በ1882 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጉዟቸው ሲመለሱ ይዘውት በመጡ ጊዜ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ትእዛዝ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን መሥመር ተዘረጋ። ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ደግሞ የኢጣሊያ መሐንዲሶች ከአሥመራ ተነሥቶ በትግራይ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን የቴሌግራፍ መሥመር ሠሩ። የሰሜኑ አገር ሕዝብ ግን ሽቦን ከዚያ በፊት ያወቀው በጦርነት ነው፤ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ጦርነት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ለጄኔራል ባራቲዬሪ ከሮማ የተላከው የግሣጼ ቃል የደረሰው በቴሌግራም ነበር።

በዚያው ዘመቻ፣ በታኅሣሥና በጥር 1888 ዓ.ም.፣ ከዓይናለም ብዙ በማይርቀው በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ የመሸገው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር የተሸነፈው የውሃ ምንጮቹ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ስለ ወደቁ ነው። ይህን ዘዴ ያመነጩት እቴጌ ጣይቱ እንደ ሆኑ ይነገራል። በዚያ ጊዜ ሰውን ከውሃ ለመለየት ምንጩን መያዝ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በዚያው አካባቢ ውሃው ከጥልቅ የሚወጣው በኤሌክትሪክ ስለ ሆነ፣ ምንጩን ማንም ሳይነካው ሽቦው ሲቋረጥ ውሃውም ይቋረጣል። የመቶ ሃያ አምስት ዓመት ታሪክ በዚህ ልዩነት ይታያል።

ከላይ የተጠቀሱትን መሥመሮች የዘረጉት የውጭ አገር ባለሙያዎች ነበሩ። የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ የተቋቋመው በ1945 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት የባትሪ አያያዝ ዕውቀት በአብዛኛው በጣቢያው ግድግዳ ውስጥ ታጥሮ ቆየ፤ ወደ ሕዝቡ የደረሰው በሌላ በር ነው።

፫. የ«ድንጋይ»ና የጋራዥ ዘመን

ያ ሌላ በር የእጅ ባትሪ፣ ራዲዮና መኪና ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ቋንቋችን ነው። በአማርኛ «ባትሪ» ሲባል ኃይል የሚያጠራቅመውም ዕቃ፣ በሌሊት መንገድ የሚያሳየውም መብራት በአንድ ስም ይጠራል። በውስጡ የሚገባው ደረቅ ባትሪ ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ተባለ። በጋራዥ ያለው ቃል ግን አብዛኛው ከኢጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቪቴ የሚሉት ቃላት ዕውቀቱ በማን እጅ እንደ ገባ ይመሰክራሉ።

ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ትናንሽ የትራንዚስተር ራዲዮዎች ወደ ገጠር ሲገቡ፣ በ1955 ዓ.ም. ሥራውን በአዲስ አበባ የጀመረውና እስከ 1969 ዓ.ም. የቆየው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያም ብዙ አድማጭ ሲያገኝ፣ ድንጋይ የቤት ወጪ ሆነ። ራዲዮው አራት ወይም ስድስት ድንጋይ ይጎርሳል። ዋጋው ለሚከብደው ሰው አራቱንም በአንድ ጊዜ መግዛት ስለሚያስቸግር ሁለት አዲስ ከሁለት አሮጌ ጋር ይቀላቅላል። ራዲዮው ይናገራል፤ ግን ጥቂት ሰንብቶ ዝም ይላል፤ ሲከፈት ከአሮጌዎቹ አንዱ ፈስሶ የራዲዮውን ብረት በልቶታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በተከታታይ በተገናኙ ባትሪዎች ሁሉ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል አንድ ዓይነት ነው። ጉልበተኛውም ደካማውም በአንድ እርምጃ እንዲሄዱ ይገደዳሉ። ደካማው አስቀድሞ ያልቃል፤ ጉልበተኞቹ ግን ገና ስላላለቀባቸው ኃይላቸውን በባዶው ውስጥ እየገፉ ማሳለፋቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ ጊዜ የባዶው ግፊት ዜሮ ደርሶ ይገለበጣል፤ ፖዘቲቭ የነበረው ጫፍ ኔጋቲቭ ይሆናል። ባትሪው ከረዳትነት ወደ ሸክምነት ይለወጣል፤ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፤ ይፈስሳል። እንግዲህ ሁለቱ አዳዲስ ድንጋዮች ራዲዮውን ብቻ አላናገሩም፤ አሮጌዎቹንም እየገደሉ ነበር።

በጭነት መኪናም ይኸው ነገር በሌላ መልክ ይታያል። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ አገናኝተው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ሾፌሩ ባለ 12 ቮልት ቴፕ ወይም አምፖል ሲያስገባ ሽቦውን ከሁለቱ ከአንዱ ባትሪ ላይ ብቻ ይወስዳል። ያ ባትሪ በየቀኑ ከወንድሙ ይልቅ ይጎድላል። ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ አድርጎ ስለሚሞላቸው፣ ያልጎደለው ከመጠን በላይ ጠጥቶ ውሃው ይተናል፤ የጎደለው ደግሞ ሳይጠግብ ይቀራል። በወራት ውስጥ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ አንዱ በጥጋብ፣ አንዱ በረኃብ። ይህን ያስተዋሉ መካኒኮች የሁለቱን ባትሪዎች ቦታ በየጊዜው ይለዋውጣሉ፤ ሌሎችም 24ቱን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ ያስገባሉ።

፬. የዓይናለም የጨለማ ወራት

ወደ መቀሌ ስንመለስ፣ ከጦርነቱ በፊት የነበረው ሁኔታ ከጨለማው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም.፣ 84 የነፋስ ምሶሶዎች ያሉትና 120 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2006 ዓ.ም. ተመርቀው ነበር። አሸጎዳ ከዓይናለም ሩቅ አይደለም። ኃይል በአቅራቢያው የሚመነጭለት ሕዝብ በጨለማ ሲቀመጥ፣ ኃይልን ማመንጨት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ መሥመሩም ሰላም እንደሚፈልግ ተገለጸ።

በነዚያ ወራት በየቤቱ የተሰበሰቡት ባትሪዎች አንድ ዓይነት አልነበሩም። ከባጃጅ የወጣ፣ ከሚኒባስ የወጣ፣ ከፀሐይ መብራት ጋር የተገዛ፣ ከተዘጋ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር መጠበቂያ የተፈታ፤ ዕድሜያቸው፣ መጠናቸውና ጤንነታቸው የተለያየ ነበር። እነዚህን ጎን ለጎን፣ ማለት ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭን ከኔጋቲቭ ጋር ማገናኘት የተለመደ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዓይናለም ካየው ነገር አብዛኛው ከሚከተሉት ከሦስቱ በአንዱ ይጠቃለላል።

የመጀመሪያው፣ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው አንዱ የሞላ አንዱ የጎደለ ሲሆን ነው። የሞላ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ዐርፎ ሲለካ ወደ 12.7 ቮልት፣ የተራቆተው ወደ 11.9 ቮልት ይሆናል። ልዩነቱ 0.8 ቮልት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በባትሪዎቹ ውስጥና በሽቦው ያለው እንቅፋት በጠቅላላው 0.05 ኦም ብቻ ቢሆን፣ በኦም ሕግ መሠረት 0.8 ለ0.05 ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። ቀጭን የመብራት ሽቦ በዚህ ይግላል፤ እንቅፋቱ ከዚህ ያነሰ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ በዚያው ልክ ይበረታል። ይህ ሩጫ ግን አይቆይም። የሞላው ወዲያው ዝቅ ይላል፤ የጎደለው ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ሲጠብ የሚሄደውም ኃይል እየቀነሰ ይንጠባጠባል።

እዚህ ላይ የውሃ ጋን ምሳሌ ይረዳል። አንድ ሙሉና አንድ ባዶ ጋን ከታች በቧንቧ ቢገናኙ ውሃው በመካከል ላይ ይቆማል፤ ባዶው መቼም አይሞላም። ከውሃውም አንዲት ጠብታ ባይፈስስ እንኳ ከፍታው ጠፍቷል። በባትሪ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የእርሳስ ባትሪን በሚገባ ለመሙላት በአንድ ክፍል 2.4 ቮልት ያህል፣ በስድስቱ ክፍል ከ14 ቮልት በላይ ግፊት ያስፈልጋል፤ የሞላው ባትሪ ግን ያለው 12.7 ነው። ስለዚህ ሙሉ ባትሪ ባዶውን ሊሞላ አይችልም፤ ሊያካፍለው ብቻ ይችላል፤ ከሚያካፍለውም ከፊሉ በሽቦውና በባትሪዎቹ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው፣ አንዱ ባትሪ የጎደለ ሳይሆን የታመመ ሲሆን ነው። ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ በውስጡ ከተነካካ የሚቀሩት አምስት ናቸው፤ ግፊታቸውም ወደ 10.5 ቮልት ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ ከጤነኛ ጋር ጎን ለጎን ቢገናኝ መስተካከል የሚባል ነገር አይኖርም። የጤነኛው 12.7 ቮልት በአምስቱ ላይ ሲያርፍ ለእያንዳንዱ 2.5 ቮልት ያህል ይደርሰዋል፤ ክፍሎቹም ይፈላሉ፣ የሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣሉ። ጤነኛው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስስ ያድርና ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል። የጎደለ ባትሪና የታመመ ባትሪ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የብዙው ኪሣራ ምክንያትም ይህ ነው። መለያው ቀላል ነው። ባትሪውን ለብቻው ሞልቶ፣ ሽቦውን ነቅሎ፣ አንድ ሌሊት አሳድሮ መለካት፤ ጤነኛው ይዞ ያድራል፣ የታመመው ይወርዳል።

ሦስተኛው ምንም እንኳ ብዙ ጊዜ ባይደርስ ከሁሉ የከፋው ነው። ፖዘቲቭ ከኔጋቲቭ ጋር በስሕተት ተሻግሮ ሲገናኝ የሁለቱ ግፊት ስለሚደመር 24 ቮልት ያህል ከእንቅፋት በሌለው መንገድ ይለቀቃል፤ ብልጭታው ባትሪው ያወጣውን ጋዝ ሊያቀጣጥል፣ አሲዱንም በፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። የሊትየም ባትሪ ሲሆን ደግሞ የውስጥ እንቅፋቱ ትንሽ ስለ ሆነ፣ እኩል ያልሞሉትን በቀጥታ ማገናኘት በመጀመሪያው ዓይነት እንኳ አደገኛ ነው፤ የእርሳስና የሊትየም ባትሪም በምንም መንገድ አብረው ሊጣመሩ አይገባም።

በወንጌል ውስጥ የተጻፈውን የዐሥሩን ደናግል ምሳሌ የተማረ ሰው፣ ዘይት ያላቸው አምስቱ ለሌላቸው መከልከላቸው ንፉግነት እየመሰለው ሊያዝን ይችላል። መልሳቸው ግን ለሁላችንም አይበቃም፣ ሄዳችሁ ከሻጭ ግዙ የሚል ነበር። የባትሪውም ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል። እሳት ከእሳት ሲጫር አይጎድልም፤ ዘይት ግን ሲካፈል ይጎድላል፤ ባትሪም ዘይት እንጂ እሳት አይደለም። በዓይናለም ለጎረቤቱ በእውነት የጠቀመው ሰው ሙሉ ባትሪውን ከባዶው ጋር ያገናኘው ሳይሆን፣ ፀሐይ በወጣች ጊዜ የራሱን ባትሪ ነቅሎ የፀሐይ ሰሌዳውን ለጎረቤቱ ባትሪ በተራ የለቀቀው ነው። የተካፈሉት ምንጩን ነውና ሁለቱም መብራት አገኙ። ይህ ደግሞ ሳያውቁት የፕላንቴን ደንብ መከተል ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በኅዳር ወር መጨረሻ መቀሌ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መሥመር ጋር እንደገና ተገናኘች። ስልኩም በታኅሣሥ ተከተለ።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ እኩል ያልሞሉ ባትሪዎችን ማገናኘት መደመር አይደለም፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ የሞላው ወደ ጎደለው ይወርዳል፣ በተከታታይ ሲሆኑ ደካማው ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ የደንቡ መሠረት ከፕላንቴ ዘመን ጀምሮ በሥራ የታወቀ ነበር፤ እያንዳንዱን ለብቻው መሙላት፣ ዐሳርፎ መለካት፣ ዓይነታቸው፣ መጠናቸውና ዕድሜያቸው አንድ ሆኖ የግፊታቸው ልዩነት ከ0.1 ቮልት ካልበለጠ ማገናኘት። ሦስተኛ፣ ይህ ደንብ ወደ አገራችን ከሽቦው ጋር አልገባም፤ ሽቦው በመሐንዲስ፣ መኪናው በጋራዥ፣ ድንጋዩ በሱቅ በኩል ሲገባ፣ ዕውቀቱ ተበታትኖ በየመካኒኩ እጅ ቀረ። በጨለማው ወራት የተበላሸው ባትሪ ዋጋ የዚህ መበታተን ዋጋ ነው።

ስለዚህ ለወደፊቱ ሁለት ሥራ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ለታሪክ ተማሪዎች ነው። በዓይናለም የፓምፕ ጣቢያዎችና በመቀሌ ጋራዦች የሚሠሩ ሰዎች በ2013፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ያደረጉትን፣ የሞከሩትንና የከሠሩትን ትዝታው ሳይደበዝዝ ከአንደበታቸው መጻፍ ይገባል። ሁለተኛው ለትምህርት ቤቶች ነው። የኦም ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በፊደል ብቻ ከሚቀር፣ አንድ ቮልት መለኪያና ሁለት አሮጌ ባትሪዎች በክፍል ውስጥ ቢቀመጡ፣ ተማሪው 12.7ንና 11.9ን በዐይኑ አይቶ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ የአባቱን ባትሪ ለማዳን ይበቃዋል።